ንጉሡን ሠ ይዤ ወደ አራዳ

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባን አይተው ለማያውቁ፣ ወደፊትም የማየት ሐሳብ ለሌላቸው ያገሬ ሰዎች ነው። ከተመለስኩ ወር ሊሞላኝ ነው፤ በየመንገዱ እያቆማችሁ "ጉዞው እንዴት ነበር?" ስትሉኝ በአፌ ልነግራችሁ አልቻልኩም። ምክንያቱን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ለማያውቅ አንባቢ ግን ላስረዳ።

እኔ ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አስተማሪ ነኝ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ስሟ ውስጥ ሰ ስላለ ስጠራት ሰው ይስቃል። የእኔ ስም ልሳነወርቅ ነው። እናቴ የወርቅ ምላስ ተመኝታ ያወጣችልኝ ነው፤ ምኞቷ ግን ወደ ጎን ሄደ። ሌላው ሰው ሰ ሲል ትንፋሹ በምላሱ መሀል አድርጎ በፊት ጥርሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የእኔ በምላሴ ግራና ቀኝ፣ በመንጋጋዬ በኩል ያመልጣል። ድምፁ በፊደል የሚያዝ አይደለም፤ ለጊዜው "ሽል" ብዬ ልጻፈው። ሰላም ልላችሁ ስፈልግ "ሽለላም" እላለሁ፤ የማያውቀኝ ሰው ሽለላ የጀመርኩ ይመስለዋል።

ጠዋት ጠዋት ልጆችን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መሠረተ ትምህርት የገቡ እናቶችንና አባቶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። የከተማችን ካድሬ የጓድ ታምሩ እናት፣ እማማ ጠጂቱ እንኳ ከፊት ረድፍ የሚቀመጡ ተማሪዬ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ አፌ ማንንም አላስቀየመም ነበር። አንድ የሰልፍ ቀን ግን መፈክር አሰሚውን ጉንፋን ያዘውና፣ ቁመቴ ረዘም ስለሚል ብቻ "መምህር፣ አንተ ውጣ" ተባልኩ። ወጣሁና "ሽሎሻሊዝም ያብባል!" ብዬ ጮህኩ። ፍም ላይ ውሃ የተደፋ ነበር የሚመስለው። ሕዝቡ እጁን እንዳነሳ ቀረ፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ።

ጓድ ታምሩ አልሳቀም። በማግሥቱ በአብዮቱ ላይ በአደባባይ አፏጭተሃል የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ ኮሚሽን ቀርቤ፣ ምላሴ የተጣመመው በተፈጥሮ እንጂ በአመለካከት አለመሆኑን በሳምንት ውስጥ ካላረጋገጥኩ ከማስተማር እታገዳለሁ፤ ጉዳዬም "ለሚመለከተው ክፍል" ይተላለፋል። የሚመለከተው ክፍል ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቤተሰብ ምሳ ቋጥሮ የሚመላለስበት፣ አንድ ቀን ደግሞ "ከእንግዲህ አታምጡ" የሚባልበት ቦታ ነው። ፈርቼ ነበር፤ ሱሪዬ እስኪሰፋኝ ድረስ በሁለት ቀን ከሳሁ።

ሰኞ

ጉዞው ሰኞ መጀመሩን አልወደድኩትም፤ ቀኑ ራሱ በሰ ይጀምራል። ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። አጠገቤ አንዲት የቅቤ ነጋዴ ተቀመጡ፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲበረታ ቅቤያቸው እየቀለጠ ግማሹ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ይቅርታ ጠይቀው በነጠላቸው ጠረጉልኝ። እኛ ከተማ ቢሆን ጫማዬን አውልቄ እልስላቸው ነበር ብዬ አሳቅኳቸው።

ኬላ ላይ ወረድን። ጠባቂው የይለፍ ወረቀቴን ገልብጦ ይዞ ስሜን ጠየቀኝ።

"ልሽላነወርቅ።"

"ማን?"

"ልሽላነወርቅ።"

"ወዴት ነው የምትሄደው?"

"አዲሽል አበባ።"

"ታሾፍብኛለህ?" ብሎ መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ።

የቅቤ ነጋዴዋ ከአውቶቡሱ መስኮት አንገታቸውን አወጡ። "ኧረ ልጄ፣ አፉ ነው! እኔ ከጠዋት ጀምሮ ስሰማው ለመድኩት። ክፉ ነገር አልወጣውም፤ ነፋስ ብቻ ነው የሚወጣው!"

ጠባቂው ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ያልጠበቅኩት ጣጣ መጣ፤ ጓደኞቹን አንድ በአንድ እየጠራ ለእያንዳንዳቸው ስሜን አስደገመኝ። የመጨረሻው ምሳ ላይ ስለነበረ እስኪጨርስ ጠበቅነው። በዚህ ሁሉ መሀል ቀኑ መሸብንና አባይን መሻገር ቀርቶ ደጀን አደርን። ተሳፋሪው ሁሉ በእኔ ምክንያት ከመንገዱ ስለቀረ ማንም እራት አብሬህ ልብላ አላለኝም፤ የቅቤ ነጋዴዋ ብቻ ከበሶአቸው አካፈሉኝ። ያደርኩበት አልጋ ቁንጫ ነበረው። አገሬም ቁንጫ አለ፤ ግን ያው ያውቀናል፣ እስኪነጋ እንዲህ አያጣድፍም።

ማክሰኞ

ስለ አባይ በረሃ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር የምጨምረው የለኝም። ፍቼን፣ ሱሉልታን አልፈን ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ገባን።

የማርፈው መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ካስተማሩኝ ከጋሽ ገመቹ ዘንድ ነበር። ወለጋ የተወለዱ፣ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን በቋንቋ ጥናት የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ችግሩ ቤታቸው ያለው ፒያሳ፣ ሠራተኛ ሰፈር መሆኑ ነው። ከዚህ ሁሉ ሰፈር ዶሮ ማነቂያ ቢኖሩ ምን ነበረበት?

ታክሲ አስቁሜ ገባሁና "ሽለራተኛ ሽለፈር" አልኩ። ሾፌሩ ወዲያው ዳር ያዘና ወረደ። አራቱንም ጎማ እየዞረ ዳበሰ፤ አንደኛውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ተመለሰ።

"ወዴት ነበር ያልከው ጋሼ?"

"ሽለራተኛ ሽለፈር።"

ዞር ብሎ አፌን በጥንቃቄ ተመለከተና "ጋሼ ሙት፣ ጎማዬ ተነፈሰ ብዬ እኮ ነው!" አለኝ። እስከ ፒያሳ ድረስ እየሳቀ ነዳ። ስወርድ "ወንድሜ፣ አፍህን ሰው መንፊያ አድርጎ እንዳይወስድብህ ጠብቅ" ብሎ መከረኝ። ይኸው የአራዳ ልጅ ነው፤ ያገሬ ሰው ከጀርባ የሚለውን እሱ ፊት ለፊት ይነግርሃል፣ ደግሞም እስከ በሩ ድረስ ያደርስሃል።

የጋሽ ገመቹ ባለቤት እትዬ ማርታ ይባላሉ። ስማቸው ውስጥ ሰ ስለሌለ ገና በሩ ላይ ወደድኳቸው። የጉራጌ ሰው ናቸው፤ ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር አቀረቡልኝ። ቆጮ ለጤፍ ሰው ጥርስ መጀመሪያ ይከብዳል፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ግን እጄ ሳልነግረው ይመለስ ጀመር። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እነዚህ ባልና ሚስት መዘመር አቁመዋል ተብሎ በቀበሌው ይታመናል። በዚያ ምሽት እትዬ ማርታ ዕቃ እያጠቡ በአፍንጫቸው የሚያዜሙትን እኔም አልሰማሁም።

ረቡዕ

ጋሽ ገመቹ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበቡና መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ የተቀመጡ ሁለት ሻማዎች አስመጡ። ለኩሰው አንዱን በአፌ ፊት፣ ሁለተኛውን በጉንጬ በኩል አቆሙ።

"መጀመሪያ ል በል። ምላስህ የት ነው?"

"ከላይኛው ጥርሽሌ ሽልር ተለጥፏል።"

"እንግዲያው መሀል መንገዱን ዘግቶታል። ትንፋሹ በየት ወጣ?"

ዕድሜ ልኬን ል እያልኩ ይህን ጠይቄ አላውቅም። እንደገና አልኩት፤ በምላሴ ጎንና ጎን ነው የሚወጣው።

"አየህ፣ በዓለም ላይ ል የሚባል ሁሉ የጎን በር ነው" አሉ። "ልዩነቱ በሩን እንዴት እንደሚከፍቱት ነው። ሩሲያዊው ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱን የምላሱን ኋላ አንስቶ ያወፍረዋል፣ ሌላውን የምላሱን መሀል ወደ ላንቃው አቅርቦ ያለሰልሰዋል። ጣሊያኑ 'ፋሚሊያ' ሲል ምላሱን ዘርግቶ ላንቃው ላይ ይለጥፋል። ዌልስ የሚባል አገር ደግሞ አለ፤ እዚያ የጉሮሮውን ድምፅ ያጠፉና በጎን በኩል ብቻ ይነፉታል። በል አሁን ሰ በል።"

አልኩ። የፊተኛው ሻማ እንደ ዘብ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በጉንጬ በኩል ያለው ጠፋ። እትዬ ማርታ ሞከሩ፤ የሳቸው የፊተኛውን አጠፋ።

"አንተ ሰ ማለት አቅቶህ አይደለም" አሉ ጋሽ ገመቹ ድምፃቸው እየተለወጠ። "የምታወጣው ሌላ ድምፅ ነው። ለመሆኑ ፊደላችን ሁለት ሰ ለምን ኖረው?"

ልጅ እያለሁ የኔታን ይህንኑ ጠይቄ በአርጩሜ ነው የተመለሰልኝ። ጋሽ ገመቹ ተነሥተው ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉ፤ ስለ ምርት ዘመቻ የሚያወራ ሰው ቤቱን ሞላው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

"ሊቃውንት እንደሚገምቱት ጥንት ሁለቱ አንድ አልነበሩም። እሳቱ ሰ እንደ ዛሬው በፊት ይወጣ ነበር። ንጉሡ ሠ..."

"ገመቹ! ቃሉን!" አሉ እትዬ ማርታ።

"...ያኛው ሠ ግን እንዳንተ በጎን ሳይወጣ አልቀረም። ከሺህ ዓመት በላይ የሆነው ነገር ነው፤ የሰማው ሰው የለም። ፊደሉ ቀረ፣ ድምፁ ሞተ። ይኸው አሁን ቤቴ ገብቶ ቆጮ በላ።"

ልቤ ሞቅ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ቀዘቀዘ። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ሁለቱን የሚለየው "እሳቱ ሰ" እና "ንጉሡ ሠ" እያለ ነው። ንጉሥ ከወረደና ስሙን መጥራት ራሱ ካስጠረጠረ ወዲህ ደግሞ የእኔ ጥፋት የንጉሥ ድምፅ ማውጣት ነው ብዬ ኮሚሽን ፊት ልቆም ነው። ከማፏጨት ወደ ንጉሥ ናፋቂነት አደግኩ ማለት ነው።

ሐሙስ

ጋሽ ገመቹ ምስክር እንፈልግ አሉና ፒያሳን ይዘውኝ ዞሩ። ጎብኚ የሚያየውን ብዙ አላየሁም፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ነበርኩ።

ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ አንድ ሽማግሌ አርመናዊ ወርቅ ሠሪ አለ። ምን እንደፈለግን ሲነገረው ሚዛኑን አስቀመጠ። "የኛም ፊደል ውስጥ ጥንት ወፍራም ል የነበረ አለ" አለን። "ምላስ ሰነፈና ወደ ጉሮሮ ወረደ። አሁን ልጆቼ ሲያነቡት ል እንደነበረ አያውቁም።" ስለ አንድ ፊደል ሳይሆን ስለ ዘመዱ የሚያወራ ይመስል ነበር፤ ቆመን አብረነው አዘንን።

ቀጥለን አረብ ቤት ገባን። ባለሱቁ ሳሌህ አባቱ ከየመን የመጡ፣ እሱ ፒያሳ የተወለደ ነው። ጋሽ ገመቹ ጣት እያወጡ አስረዱኝ፤ ሳሌህ "ሀላዋ" ሲል ሉ ቀጭን ነው፣ "ወላሂ" ብሎ ሲምል ግን ያው ል ይወፍራል። በሐሰት ሲምልም በእውነት ሲምልም እኩል ይወፍራል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሳሌህ ጥያቄዬን ትቶ አፌን ያዘ።

"ድገም እስቲ! ሰ በል!"

ደገምኩ።

"ወላሂ መሕራ ነህ!" ብሎ ባንኮኒውን መታ። አባቱ አገር፣ በባሕሩ ጠረፍ መሕራ የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ ዓረብኛ ያልሆነ የራሳቸው ጥንታዊ ቋንቋ አላቸው፤ በዚያ ቋንቋ ልክ እንደኔ በጎን የሚነፋ ሰ አለ። አባቱ ስለ ግመል ነጋዴዎቻቸው ሲተርኩ ድምፁን እያስመሰሉ ያስቁት ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አፌን ሰምቶ አገር ሰጠኝ። ሳሌህ አንድ ጥቅል ሀላዋ በነጻ አስያዘኝ፤ ለመሕራ ልጅ ነው አለ።

ማታውን ጋሽ ገመቹ የምስክርነት ደብዳቤ ጻፉ። ዌልስን አወጡት፤ እንግሊዝ ሥር ስላለ አይጠቅመንም አሉ። በምትኩ ዙሉን አስገቡ፤ በደቡብ አፍሪካ የተጨቆነ ሕዝብ ነውና፣ እሱም ይህ ድምፅ አለው። የግዕዙ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን አኝከው አኝከው "ከሁለቱ ሰ አንደኛው" ብለው አለፉት።

ዓርብ

የኮሚሽኑ መሥሪያ ቤት ወደ ሥላሴ በኩል ነው፤ ይህንንም በአፌ እንድጠራው የታደልኩ አይደለሁም። ከጋሽ ገመቹ ጋር ስንገባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው፣ ለስድስት ወር ሞስኮ ሰንብቶ የተመለሰ አንድ ጓድ፣ እና ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ጸሐፊ። ከበስተኋላቸው በቀይ ጨርቅ ላይ "ሠርቶ አደሩ ሕዝብ ያሸንፋል!" የሚል ተሰቅሏል።

"ጉዳይህን አስረዳ" ተባልኩ።

"ጓድ ሽለብሽላቢ..." ብዬ ጀመርኩ። ጸሐፊዋ ፊቷን በወረቀት ሸፈነች።

የሞስኮው ጓድ "እስቲ ሶሻሊዝም በል" አለኝ፤ እሱ ራሱ ሲለው ሉን ትኩስ ድንች እንደጎረሰ ሰው አወፈረው። ጋሽ ገመቹ ወደኔ ጠጋ ብለው "ሩሲያኖቹ እዚህ ቃል ላይ እንኳ የሚያለሰልሱት ነው" ብለው አንሾካሾኩ። እኔ ቃሉን አልኩት። ጋሽ ገመቹ ሻማዎቻቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለኮሱ፤ ፊተኛው ቆመ፣ የጎኑ ጠፋ። ኮሚሽኑ በነገሩ ተመሰጠ። ሰብሳቢው ሞከረ፣ የሞስኮው ጓድ ሞከረ፣ ጸሐፊዋ ሞከረች፤ ለሩብ ሰዓት ያህል ሦስቱም ሰ እያሉ ሻማ ሲያጠፉ ቆዩ።

ከዚያ ደብዳቤው ተነበበ። ዙሉ ላይ ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ፤ ጭቆናው አሳዘነው። "ከሁለቱ ሰ አንደኛው" የሚለው ላይ ግን እጁን አነሳ።

"የትኛው?"

"ያኛው ነው ጓድ" አሉ ጋሽ ገመቹ።

"ያኛው የትኛው?"

"እሳቱ ያልሆነው።"

"ስም የለውም እንዴ?"

"እስከ ስልሳ ስድስት ድረስ ነበረው።"

የሰብሳቢው ፊት ሲጠቁር አየሁ። ጋሽ ገመቹ ሻማዎቻቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ለእኔ ሲሉ የመጡ ሽማግሌ ከእኔ ጋር ሊሄዱ ነው ብዬ ስደነግጥ፣ ሳላስበው ጣቴ ወደ ቀዩ ጨርቅ ተዘረጋ።

"ጓድ፣ ከበሽልተኋላዎ ያለው 'ሽለርቶ አደር' በየትኛው ነው የተጻፈው?"

ሰብሳቢው ዞር ብሎ አየ። ያን ጊዜ ሰብሳቢ አልነበረም፤ አንድ ቀን የሆነ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል የቆጠረ ልጅ ነበር።

"በንጉሡ ነዋ!" አለ።

ጸሐፊዋ ብዕሯን እንዳነሳች ቀና አለች።

"ጓድ፣ ይመዝገብ?"

"አይመዝገብ!" አሉ ሁለቱ ጓዶች ባንድ አፍ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዲህ ፈጥኖ ያለቀ የመንግሥት ጉዳይ አይቼ አላውቅም። ምላሴ በተፈጥሮ የተጣመመ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ማኅተም ተመታ። ሁለት ነጥብ ብቻ ተጨመረ። አንደኛ፣ መፈክር አላሰማም። ሁለተኛ፣ ክፍል ውስጥ ሁለቱን ሰ በጠመኔ ብቻ አስተምራለሁ፤ በአፌ አላሰማቸውም።

ደረጃውን ስንወርድ ጋሽ ገመቹ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። እኔ ግን ቆሜ ስቆጥር፣ ሁለቱ ሰባት ሰባት ሆነው አሥራ አራት ፊደል ከአፌ ተወስዷል። ፊደል አስቆጥሬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ጋሽ ገመቹ መሀረባቸውን ሰጡኝና እስክጨርስ ድረስ አጠገቤ ቆሙ።

ቅዳሜና እሑድ

እትዬ ማርታ ቆጮ ቋጠሩልኝ። ጋሽ ገመቹ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙኝ። መስኮቱ ሥር ቆመው "አንድ ጊዜ በልልኝ" አሉኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ "ሽለላም ሁኑ" አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ኬላው ላይ ያው ጠባቂ "ያ ሰውዬ መጣ!" ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። እኔ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁትና ዝም አልኩ። አንብቦ መለሰልኝ። ቅር ያለው ይመስላል፤ እኔም ቅር አለኝ።

ሰኞ እንደገና

ከሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት ክፍል ገባሁ። ጓድ ታምሩ ውሳኔው መከበሩን ሊቆጣጠር በሩ ላይ ቆሟል። እናቱ እማማ ጠጂቱ ከፊት ረድፍ፣ ፊደል ገበታቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። እነዚህ እናቶችና አባቶች እርስ በርስ ሲያወሩ ሰላምም፣ ስንዴም፣ ሰኞም አጥርተው ነው የሚሉት።

ሰሌዳው ላይ ሠ ጻፍኩ። በዘንጌ አመለከትኩ፤ አፌን ገጠምኩ።

"ሽለ!" አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ።

የሰማሁትን አላመንኩም። "ሠራተኛ" ብዬ ጻፍኩ።

"ሽለራተኛ!"

ፊደልን ከእኔ በቀር ከማንም አልሰሙትም። ለካ ሲያወሩ እንዳወሩ፣ ሲያነቡ ግን እንዲህ እንደሚባል አድርገው ነው የያዙት። አርባ ሰው በመንጋጋው በኩል ሲነፋ ጠመኔው ከሰሌዳው ላይ የሚበን መሰለኝ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእማማ ጠጂቱ ነበር። ጓድ ታምሩ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባና ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። እናቱ ዞር አሉ።

"ምን ታፈጣለህ አንተ? ንባብ እንዲህ ነው የሚነበበው! አንተን ማን እንዳስተማረህ እንጃ!"

ታምሩ ደብተሩን ኪሱ ከተተ። እኔ በውሳኔው መሠረት ምንም አላልኩም። በጠመኔ ብቻ፣ ቀጣዩን ጻፍኩ፦ ሡ።